ሦስት ቀን ስጠኝ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ወንድሜ፣ ዛሬ ለጁሙዓ ስትወጣ ምናልባት ያልተቋጨ የገንዘብ ጉዳይ በልብህ ይዘህ ይሆናል። አንድ ሰው "እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልከፈልክ ለሌላ እሰጠዋለሁ" ብሎሃል። ሱቅ ሊሆን ይችላል፣ ባጃጅ ሊሆን ይችላል፣ ሸሪክ እንሁን የሚል ግብዣም ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ደግሞ ሁሉም ያንተ አይደለም። የሚበዛውን እህትህ ከጅዳ የላከችው ነው፤ ሰው ቤት እያጠበች፣ የሰው ልጅ እያሳደገች፣ እንቅልፏን ከፍላ ያጠራቀመችው። ዛሬ የማዋይህ ስለዚህች ቅዳሜ ነው።

ስለ ሐላልና ሐራም ብዙ ሰምተሃል። የዛሬው ጉዳይ ከዚያ አንድ እርምጃ ወዲህ ነው፤ ሐላል በሆነው ነገር ውስጥ ሆነህ ገንዘብን በማስተዋል ስለማሰማራት። ብዙዎቻችን ይህን "የዱንያ ጉዳይ" ብለን ከዲናችን ውጪ አስቀምጠነዋል። ስለዚህም ስናተርፍ "ጭንቅላቴ ነው" እንላለን፣ ስንከስር "ቀደር ነው" እንላለን። ቀደርስ ሁለቱም ቀደር ነው። ግን የቁርኣኑም የሐዲሱም የፊቅህ ኪታቦቹም አነጋገር እንደኛ አይደለም።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመዲና ንግድ የማይሆንላቸው አንድ ሰሓባ ነበሩ። ሐባን ኢብኑ ሙንቂዝ (ረ.ዐ) ይባላሉ፤ ባለታሪኩ አባታቸው ሙንቂዝ ናቸው የሚሉ ዘገባዎችም አሉ። ራሳቸው ላይ በደረሰባቸው ቁስል ምክንያት ምላሳቸው ተይዟል፣ ማመዛዘናቸውም ደክሟል። ገበያ ግን ይወዳሉ። ይገዛሉ፣ ይታለላሉ፣ በነጋታው ተመልሰው ይሄዳሉ። ቤተሰቦቻቸው ሲጨንቃቸው ነቢዩ ዘንድ መጥተው ከንግድ ያግዷቸው ዘንድ ጠየቁ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አስጠሯቸውና ንግዱን እንዲተዉ ነገሯቸው። እሳቸው ግን ከንግድ መቀመጥ እንደማይችሉ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? አንዱ አጎት "አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ" ይላል። ሌላው ደግሞ "በአላህ ተወከልና ግባበት" ይላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሁለቱንም አላሉም። ስትገበያይ ማታለል እንዳይኖርበት አስቀድመህ ተናገር አሏቸው፤ ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። በኢብኑ ማጃህና በሌሎች ዘገባዎች ደግሞ በገዙት ዕቃ ሁሉ ላይ የሦስት ሌሊት ምርጫ እንደሰጧቸው ተጨምሯል፤ ከወደዱት ይይዙታል፣ ካልወደዱት ለባለቤቱ ይመልሱታል።

ሐባን ያንን ቃል እንኳን በትክክል መጥራት አይችሉም ነበር፤ ምላሳቸው ፊደሉን ያዛንፈዋል። ቢሆንም እየገቡ ይሉታል። እንደሚዘገበው እስከ ዑስማን (ረ.ዐ) ኺላፋ ድረስ ኖሩ። ዕቃ ገዝተው ወደ ቤት ሲገቡ ቤተሰቡ "ተታለሃል" ይላቸዋል፤ ይዘውት ይመለሳሉ። ሻጩ አልቀበልም ሲል ከነቢዩ ባልደረቦች አንዱ ያልፍና ነቢዩ ሦስት ቀን የሰጧቸው መሆኑን ይመሰክርላቸዋል።

እኔን ከዚህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ሰውየው የተሰጣቸው የነጋዴ ብልጠት አይደለም። የተሰጣቸው ጊዜ ነው። ለምን ሦስት ቀን? ምክንያቱም መታለል የሚፈጸመው በዚያች ሰዓት ነው፤ ሻጩ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዕቃው እያብረቀረቀ፣ "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" እየተባለ። ቤት ገብቶ ከሚስት፣ ከወንድም፣ ከጎረቤት ጋር ሲያዩት ዕቃው ሌላ ዕቃ ነው። ከዚህ ሐዲስ ነው ፉቀሃዎች "ኺያሩ ሸርጥ" የሚባለውን፣ ማለትም ገዢና ሻጭ ተስማምተው የሚያስቀምጡትን የመመለስ መብት ያብራሩት። በሻፊዒይና በአቡ ሐኒፋ ዘንድ ከሦስት ቀን አያልፍም፤ ኢማም አሕመድ ዘንድ እስከተስማሙ ድረስ ይረዝማል።

እንግዲህ ቅዳሜ ለሰውየው የምትለው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ ሦስት ቀን ስጠኝ። ነውር የለበትም። ድህነትም አይመስልም። ሰውየው "ሦስት ቀን አልሰጥም" ካለ፣ ስለ ዕቃው የማታውቀውን ነገር በራሱ አፍ ነግሮሃል።

በሦስቱ ቀናትም ተኝተህ አትጠብቅ። የምትከራየውን ሱቅ በጠዋት ካየኸው ደግሞ በምሽት እየው፤ ሰኞ ካየኸው በገበያ ቀን እየው። ከጎኑ ያለውን ባለ ሱቅ ሻይ ጋብዘውና ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ ጠይቀው። ባጃጁን መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ የሻጩን መካኒክ አይደለም፣ የራስህን። ወረቀቱ በማን ስም እንደሆነ ተመልከት። ይህን ስትጠይቅ "አላመንከኝም" የሚልህ ሰው ካለ አትደንግጥ። በቁርኣን ውስጥ በርዝመቱ አንደኛ የሆነው አንቀጽ፣ የአል-በቀራህ 282ኛው፣ የሚያወራው ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር ነው። የታዘዙትም ምእመናን ናቸው፤ እርስ በርስ የሚተማመኑ ሰዎች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ አምስተኛው አንቀጽ ገንዘብን ማስተዋል ለጎደላቸው ሰዎች እንዳንሰጥ ሲከለክል፣ ገንዘብን የሕይወታችን መቆሚያ ያደረገው መሆኑን ጠቅሷል። በሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ የየቲሞችን ገንዘብ ከማስረከባችን በፊት እንድንፈትናቸውና "ሩሽድ" ካየንባቸው እንድንሰጣቸው አዟል። ሩሽድን እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? ገንዘብን በቦታው የማዋል ብስለት ነው። ዕድሜ መድረስ ብቻውን አልበቃም፤ ጢም ማብቀል አልበቃም። ፈተና አለው።

ፈተናው እንዴት ነው? ኢማም ነወዊ በሚንሃጅ ላይ አስፍረውታል። ወሎም ሆነ ሐረር ቂርአት ላይ የቆየ ደረሳ ይህን ቦታ ያውቀዋል። የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ በዋጋ መከራከርም ይፈተናል። የገበሬ ልጅ በእርሻውና ለሠራተኞች በሚያወጣው ወጪ ይፈተናል። ባለ ሙያው በሙያው። ሴቲቱ በፈትልና በጥጥ፣ ምግብን ከድመት በመጠበቅም ጭምር። (ደረሳው እዚህ ጋ ሲደርስ ፈገግ ይላል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ሰው በሚውልበት ሥራ ይፈተናል። የዛሬዋ እህታችን ኮንቴይነር የምታስገባ ከሆነ ፈተናዋ ድመቷ አይደለችም።) ከዚያ ነወዊ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ ፈተናው ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መደጋገም አለበት። አንድ ጊዜ ማትረፍ አጋጣሚ ሊሆን ይችላላ።

ይህ ለየቲም ብቻ የተነገረ ሕግ እንዳይመስልህ። ለራስህ ገንዘብ የራስህ ወኪል አንተው ነህና ራስህን ፈትን። ሦስት መቶ ሺህ ብር ይዘህ ሱቅ ከመክፈትህ በፊት በሠላሳ ሺህ ዕቃ ሁለት ዙር ሸጠህ ታውቃለህ? ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ፣ ወንድም የተደረጉላቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ አቅርበውላቸው ነበር። ዱዓ አደረጉላቸውና ገበያውን አሳዩኝ አሉ። የቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩዋቸው፤ ሄደው ቅቤና የደረቀ አይብ ይዘው ተመለሱ። ከጊዜ በኋላ ከሰሓቦች ትልልቅ ባለሀብቶች አንዱ የሆኑት ሰው መነሻቸው ቅቤና አይብ ነበር። ዐብዱረሕማን በመካም ነጋዴ የነበሩ ሰው ናቸው። ቢሆንም አዲስ ከተማ ውስጥ ገበያውን ሳያዩ የሰው ግማሽ ሀብት አልተሸከሙም።

የእህትህ ገንዘብ ግን ሌላ ምዕራፍ ነው። ልጠይቅህ፤ ስትልክ ምን ብላ ነው የላከችው? ሀዲያ ነው? እንግዲያው ያንተ ነው። ብድር ነው? አተረፍክም ከሰርክም ትመልሳለህ። "ያዝልኝ" ብላህ ነው? አማና ነውና ሳታስፈቅዳት ብትነግድበትና ቢጠፋ ዕዳው አንተ ላይ ነው። "ነግድበት፣ ትርፉን እንካፈላለን" ብላ ከሆነ ሙዷረባ ነው፤ ትርፉ በተስማማችሁት ድርሻ ይከፈላል፣ ኪሳራ ከመጣ ግን ከእሷ ገንዘብ ላይ ነው የሚወርደው፣ አንተ ድካምህን ታጣለህ። ይህ የመጨረሻው ለአንተ ቀላል ይመስላል። ግን ቸልተኛ ከሆንክ ወይም ከተስማማችሁት ከወጣህ ዕዳው ወደ አንተ ይዞራል። "ለምግብ ሸቀጥ" ብላ የሰጠችህን መኪና ውስጥ ካዋልከው፣ ተጠያቂ ነህ። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ይህ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። እሷ አማና መስሏታል፣ እሱ ሀዲያ መስሎታል፣ እናት ደግሞ "ያው የቤተሰብ ነው" ብላለች። ከሰባት ዓመት በኋላ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ ነው ሦስቱም ቃላት የተለያዩ መሆናቸው የሚታወቀው። ያን ቀን የሚፈርሰው ሱቅ ብቻ አይደለም፤ ዝምድናም አብሮ ይቆረጣል።

የሰው ገንዘብ ይዞ ማስተዋል ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ዑርዋ አል-ባሪቂ (ረ.ዐ) እንሂድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዙላቸው አንድ ዲናር ሰጧቸው። ዑርዋ በአንዱ ዲናር ሁለት በግ ገዙ። አንዱን በአንድ ዲናር ሸጡት። ከዚያ በግና ዲናር ይዘው መጡ። ነቢዩም በንግዳቸው በረካ እንዲኖር ዱዓ አደረጉላቸው፤ ከዚያ በኋላ አፈር እንኳን ቢገዙ የሚያተርፉ ሰው ሆኑ ይላል ዘገባው። ሰው ይህን ሐዲስ ሲሰማ ብልጠቱን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው መልሱን ነው። ነቢዩ የላኳቸው ለአንድ በግ ነው። አንዱን በግ አስረክበው ዲናሩን ኪሳቸው ቢከቱት ማን ያውቅ ነበር? ትርፉ ግን የባለ ገንዘቡ ነው፤ ይዘውት መጡ። ዱዓው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እህቴ ሆይ፣ አንቺም ስሚኝ። ገንዘቡ ያንቺ ነው። ሸሪዓ የሴትን ገንዘብ ለወንድም ለባልም አላስረከበም። ወንድምሽን መውደድና ሩሽዱን መመርመር አይጣሉም። መጀመሪያ ትንሽ ስጪው፣ ሒሳብ ጠይቂው፤ ደግመሽ ስጪው፣ ደግመሽ ጠይቂው። በዋትስአፕ የተጻፈ ሁለት መስመር እንኳን "ይህ ብድር ነው" ወይም "ይህ ሙዷረባ ነው፣ ትርፉ እኩል ነው" የሚል ይኑርሽ። ከተቆጣ፣ ከላይ የጠቀስኩትን አንቀጽ አንብቢለት።

ቀጥሎ ስለ ኢስቲኻራ ላንሳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ቅዳሜን የሚጠብቀው በኢስቲኻራ ብቻ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን በጉዳዮች ሁሉ፣ የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው ያስተምሯቸው ነበር። ስለዚህ ስገድ፤ ሁለት ረከዓ ነው፣ አትተወው። ግን ኢስቲኻራ የሕልም ቀጠሮ አይደለም። አረንጓዴ ነገር አየሁ ብሎ ውል የፈረመ ሰው ኢስቲኻራ አላደረገም። በዱዓው ውስጥ አላህን የምትለምነው እሱ እንደሚያውቅ፣ አንተ እንደማታውቅ አምነህ ነው። አለማወቅህን ያመንክ ሰው ከሆንክ ደግሞ የሚያውቅን ሰው መጠየቅ እንዴት ይከብድሃል? ዑለማዎች ኢስቲሻራን፣ ምክርን፣ ከኢስቲኻራ ጋር አጣምረው የሚያነሱት ለዚህ ነው።

ማንን ልጠይቅ? እኔን አይደለም። ውሉ ሐላል መሆኑን ኡስታዝህን ጠይቅ፤ ያተርፋል ወይ የሚለውን ግን የዕቃውን ነጋዴ ጠይቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ ሰዎች የተምር ዛፎችን ሲያዳቅሉ አይተው ባይሠሩት ምንም እንደማይሆን የመሰላቸውን ተናግረው ነበር። ሰዎቹ ተዉት፤ ምርቱም ተበላሸ። ያኔ እሳቸው ሰዎቹ የዱንያቸውን ሙያ ይበልጥ እንደሚያውቁ ነገሯቸው። ሙስሊም ዘግበውታል። የአላህ መልእክተኛ ለገበሬ ሙያውን ከተዉለት፣ እኔ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ የምናገረው ምን አለኝ? ሚምበር ላይ መውጣት የገበያ ዕውቀት አይሰጥም። ኡስታዝ ያለበት ስለሆነ ብቻ ገንዘብህን የምትጥልበት ሽርክናም ከዚሁ ይመደባል።

የምትጠየቀው አንተ ከሆንክ ደግሞ እውነቱን ተናገር። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ስላጯቸው ሁለት ሰዎች ነቢዩን ሲያማክሩ፣ እሳቸው አንዱ ገንዘብ እንደሌለው፣ ሌላው በትሩን ከትከሻው እንደማያወርድ በግልጽ ነገሯቸው። ይህ ሐሜት አልነበረም። "ከእገሌ ጋር ሸሪክ ልሁን?" ተብለህ ሰውየው ሦስት ሰው እንዳከሰረ እያወቅክ "ወላሂ ጥሩ ልጅ ነው" ካልክ፣ በጎረቤትህ ኪሳራ ውስጥ እጅህ አለበት።

በቴሌግራም ስለሚመጣው ነገርም ሳልናገር አላልፍም። "መቶ ሺህ አስገባ፣ በየወሩ አስር በመቶ ታገኛለህ፣ ዋናው አይነካም" ይሉሃል። የፊቅህ መልሱ አጭር ነው፤ ኪሳራ የማይነካው፣ ትርፉ አስቀድሞ በቁርጥ የታወቀ ገንዘብ ሙዷረባ አይደለም፣ ወለድ ነው። ትርፍ የሚገባው ኃላፊነትን ለተሸከመ መሆኑ ከነቢዩ የተወሰደ ደንብ ነው። የሒሳቡም መልስ ከዚህ አይርቅም። አስር በመቶ በየወሩ ትርፉ ላይ ትርፍ እየተጨመረ ቢሄድ፣ መቶ ሺህ ብር በዓመቱ ከሦስት መቶ አስራ ሦስት ሺህ በላይ ይሆናል። መርካቶ ውስጥ ሃያ ዓመት የነገደ ሰው ፈልግና፣ በየዓመቱ ሳይከስር ገንዘቡን ሦስት እጥፍ ያደረገ እንዳለ ጠይቀው። ይስቅብሃል። አየህ፣ እዚህ ቦታ ላይ የዲንህ ሕግና የነጋዴው ሳቅ አንድ ነገር ነው የሚነግሩህ።

በማትረፍና በመክሰር መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ባለ ሱቅም አለ። ይህን ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብዙ ቤት ገብቶ አይተነዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ሃምሳ ሰባት ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከሰባ ብር አልፎ፣ ከዚያም በወራት ውስጥ ከመቶ በላይ ወጣ። ምሳሌ ልስጥህ። አንድ ካርቶን ዕቃ በ1,000 ብር ገዝተህ ነበር፤ አስር ካርቶን በ1,150 ሸጥክ። 11,500 ብር አገኘህ፤ 1,500 አተረፍኩ ብለህ ለቤት አስቤዛ አወጣህ። ጅምላ ሻጩ ዘንድ ስትሄድ ካርቶኑ 1,400 ሆኗል። አስሩን ለመመለስ 14,000 ያስፈልግሃል። ትርፍ ያልከውን ሳትነካ እንኳን 2,500 ብር ይጎድልሃል። ዕቃህ በወረፋ እየተሸጠ ሱቅህ ባዶ የሚሆነው እንዲህ ነው። "በድሮው ዋጋ ካልሸጥኩ ሐራም ነው ወይ?" ብለው የሚጠይቁ አሉ። አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ ሲንር ተመን ያውጡልን ተብለው ተመን ከማውጣት ተቆጥበዋል። ሐራሙ ሰው እየተቸገረ ዋጋ ይንርልኝ ብሎ ማከማቸቱ ነው። በዕለቱ ዋጋ መሸጥና ማከማቸት አንድ አይደሉም።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ከዓመት አንድ ጊዜ በግድ ይመጣልሃል፣ ዘካ ነው። የንግድ ዕቃ ዘካ የሚወጣው ዓመቱ በሞላበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ተተምኖ፣ ከአርባ አንድ እጅ ነው። ይህን ለማድረግ መደርደሪያህን መቁጠር አለብህ። ዱቤ ማን ዘንድ እንዳለህ መጻፍ አለብህ። የትኛው ዕቃ ሁለት ዓመት አቧራ እንደጠጣ ታያለህ። ዘካውን "በግምት ይሄን ያህል" ብሎ የሚያወጣ ሰው ለሚስኪኑ ብቻ አይደለም ያጎደለው፤ ሱቁ እየሞተ እንደሆነ የምትነግረውን ቀን ራሱ ላይ ዘግቷል።

ማስተዋል የተሰጠህ ወንድሜም አለህ። በአንድ እይታ የዕቃን ዋጋ የምታውቅ፣ የሻጩን ችግር ከፊቱ የምታነብ። ያንተ ፈተና ከሐባን ይከብዳል፤ እሳቸው በሌሎች ይታለሉ ነበር፣ አንተ ግን የምታታልለው ሰው በእጅህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጭነት ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል፤ ሻጩ ገበያ ደርሶ ዋጋውን ሲያውቅ ውሉን የማፍረስ ምርጫ ሰጥተውታል። ምክንያቱም ሰውየው የሸጠው ዋጋውን ሳያውቅ ነው። ዛሬስ? ፍየሉን ከገጠር ሲነዳ ያደረውን ገበሬ ከከተማው መግቢያ ላይ ጠብቆ "ዛሬ ገበያው ሞቷል" የሚለውን ደላላ አታውቀውም? ብልጠት ብሎ ያወራል ማታ። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ደግሞ ሌላ ዓይነት ነጋዴ ነበሩ። ፈረስ ሊገዙ ሻጩ ሦስት መቶ ዲርሃም ሲል፣ ፈረስህ ከዚያ ይበልጣል እያሉ እስከ ስምንት መቶ ራሳቸው ከፍ አድርገው እንደገዙት ይዘገባል። ለምን ሲባሉ ለእያንዳንዱ ሙስሊም ቅን ለመሆን ለነቢዩ ቃል ገብቻለሁ አሉ። ይህ ሰው ዋጋ የማያውቅ ነበር እንዳትል፤ ከሻጩ በላይ የሚያውቅ ነበር።

የከሰርክም ካለህ፣ ዕዳህን ደብቀህ ከሰው አትጥፋ፤ ስልክህን አትዝጋ። አላህ (ሱ.ወ) ለተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪያገኝ ጊዜ እንዲሰጠው አበዳሪውን አዟል፤ በበቀራህ 280ኛው አንቀጽ ላይ ነው። ጊዜ የሚሰጠው ግን ችግሩን ለተናገረ ሰው ነው። የጠፋን ሰው ማን ይታገሠዋል?

እና ቅዳሜ ጠዋት ለሰውየው ትደውልለታለህ፣ እስከ ማክሰኞ ትለዋለህ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ከዐስር በኋላ ለእህትህ ደውልላት። ሥራ ላይ ከሆነች የድምፅ መልእክት ተውላት። እጅህ ላይ ስንት ብር እንዳለ እስከ መጨረሻዋ ንገራት። ሰውየው የጠየቀህን ቀብድ፣ ስለ ሱቁ የምታውቀውን፣ ያላጣራኸውንም ጭምር ንገራት። ብድር ይሁን ሙዷረባ እሷ ትወስን። ማታ ልጆቹን አስተኝታ ትሰማዋለች።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።